የሚወዱት ሥራ ወይስ የማይዋዥቅ ደመወዝ? ከመወሰንዎ በፊት የሚመዘኑ ነገሮች

«የምትወደውን ተከተል፤ ገንዘቡ ራሱ ይከተልሃል» የሚለውን ምክር የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡ የተከተለው ሰው ነው። ያልተከተለው ሰው ማይክሮፎን አይሰጠውም። በሌላ በኩል «መጀመሪያ መተዳደሪያህን ያዝ፣ ሌላው ይደርሳል» የሚሉ አሉ፤ እነርሱም በማይወዱት ወንበር ላይ ያለፈውን ሠላሳ ዓመት ከወጪ አይቆጥሩትም። ሁለቱም የሚነግሩን የራሳቸውን ሕይወት ነው።

ነገሩ «ፍቅር ወይስ ገንዘብ» ተብሎ ሲቀርብ ገና ከጥያቄው ይበላሻል። በተግባር የሚመረጡት መንገዶች አራት ናቸው። ከአራቱ የትኛው እንደሚሻል ለማወቅ ሥራውን ምን ያህል እንደሚወዱት መጠየቅ ብዙም አይረዳም፤ ሁሉም ሰው «በጣም» ነው የሚለው። የሚረዳው በየወሩ ስንት እንደሚያስፈልግዎ፣ ቀኑ እንዴት እንደሚውልና ነገሩ ካልሆነ መመለስ ይቻል እንደሆነ ማወቅ ነው። ስለዚህ መንገዶቹን ከማየታችን በፊት ሚዛኑን እናስተካክል።

## መጀመሪያ መመዘኛዎቹ

የወር ወለል። ወለል የምለው፣ ገቢው ከዚያ በታች ከወረደ በቤቱ ውስጥ አንድ ሰው የግድ የሚያስፈልገውን ነገር የሚያጣበትን መጠን ነው፦ የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ መጓጓዣ፣ መድኃኒት፣ የትምህርት ክፍያ፣ ዕዳ፣ በእርስዎ የሚተዳደሩ ሰዎች ድርሻ። ብዙ ሰው ስለ ወለሉ ሲጠየቅ ደመወዙን ይናገራል። ደመወዙና ወለሉ በእርግጥ እኩል ከሆኑ ምርጫው ገና አልተከፈተለትም።

ይህ ቁጥር ከሁሉ የሚቀድምበትን ምክንያት በአንድ ስሌት ላሳይ። ደመወዝዎ 100 ነው እንበል፤ 80ውን ያወጣሉ፣ 20ውን ይቆጥባሉ። ያለ ደመወዝ 12 ወር ለመቆየት 12 ጊዜ 80፣ ማለትም 960 ስንቅ ያስፈልጋል። በወር 20 እየቆጠቡ እዚያ ለመድረስ 48 ወር ይፈጃል። አሁን ወጪውን ወደ 65 ያውርዱት። ቁጠባው 35 ይሆናል፣ የሚያስፈልገው ስንቅ ደግሞ ወደ 780 ይወርዳል። 780 ለ35 ሲካፈል 22 ወር ከጥቂት ቀናት ነው። አራት ዓመት የነበረው ጥበቃ ከሁለት ዓመት በታች ወረደ። ወጪው ሳይነካ ደመወዙ በ15 ቢጨምር ኖሮ ግን ከ27 ወር በላይ ይወስድ ነበር። የተቀነሰ ወጪ ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ ቁጠባውን ያሳድጋል፣ መድረሻውንም ያቀርባል። የደመወዝ ጭማሪ የሚሠራው አንዱን ብቻ ነው። ይህን ስሌት በራሴ ቁጥር የሠራሁት ዘግይቼ ነው፤ በሃያዎቹ ዕድሜዬ ሠርቼው ቢሆን ብዙ ዕቃ ሳልገዛ እቀር ነበር።

ወለሉን ሲያሰሉ እርስዎ ካልከፈሉ ማን እንደሚከፍልም ይጻፉ። ሠዓሊው ቪንሰንት ቫን ጎህ ለሥዕል ራሱን የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1880 ሲሆን፣ በ1890 እስኪሞት ድረስ ወጪውን በአብዛኛው የሸፈነው ወንድሙ ቴዎ ነበር። ስለ ቪንሰንት ቁርጠኝነት ብዙ ይወራል፤ ገንዘቡን ስለላከው ሰው ግን የሚያወራው ጥቂት ነው። በየሰው ታሪክ ውስጥ አንድ ቴዎ ይፈልጉ። የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ ወይም የቆየ ቁጠባ ሊሆን ይችላል። የእርስዎ ቴዎ ማን እንደሆነ ካላወቁና እርሱም ካልተስማማ፣ ዕቅዱ ገና አላለቀም።

የዕለቱ ውሎ። ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚወደው የሥራውን ውጤት ነው፤ የሚኖረው ግን ውሎውን ነው። ፎቶግራፍ ማንሳትን ሥራው ያደረገ አንድ ጓደኛ አለኝ። የአንድ ሳምንት ሰዓቱን አብረን በማስታወሻ መዘገብን፤ ጠቅላላው 46 ሰዓት ሆነ። ካሜራው በእጁ የነበረው 9 ሰዓት ነው። የቀረው ዋጋ መደራደር፣ ዕቃ ተሸክሞ መንገድ ላይ መቆም፣ ከስምንት መቶ ፎቶ ስልሳውን መምረጥ፣ ዓይን የጨፈነች አክስትን ከቡድን ፎቶ ማዳን፣ ቀሪ ክፍያ ያልከፈለን ደንበኛ በትሕትና ደጋግሞ ማስታወስ ነበር። ቁጥሩን ሲያይ ሳቀና «ዘጠኙን በነፃም እሠራው ነበር፤ የሚከፈለኝ ለሠላሳ ሰባቱ ነው» አለኝ። ሥራውን አልተወም፤ ፎቶ መምረጡን ይወደዋል። ይህን ያላወቀ ሰው ግን በዘጠኙ ሰዓት ተማርኮ ይገባና በሠላሳ ሰባቱ ይወጣል።

ስለዚህ ሙያውን ከሚሠራ ሰው ጋር ሲነጋገሩ «ደስ ይላል?» ብለው አይጠይቁት። ያለፈው ማክሰኞ ከጠዋት እስከ ማታ ምን እንደሠራ ያስቆጥሩት።

ውሎ ለቋሚ ደመወዝ ሥራም እኩል ይመዘናል። ደራሲው ፍራንዝ ካፍካ እ.ኤ.አ. በ1907 በአንድ የግል የኢንሹራንስ ኩባንያ ተቀጥሮ ነበር፤ ረጅሙ የሥራ ሰዓት ለጽሑፍ ጊዜ ስላልተወለት በዓመቱ ለቀቀ። የሄደው ግን ወደ ሌላ ኢንሹራንስ ነው፦ በፕራግ የሠራተኞች የአደጋ መድን ተቋም፣ ሥራው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ወደሆነበት። እዚያ እስከ 1922 ቆየ። ሙያውን አልቀየረም፣ ሰዓቱን ቀየረ። ሁለት ቋሚ ሥራዎችን ስታወዳድሩ የደመወዙን ልዩነት ብቻ የምታዩ ሰዎች ይህን አስቡት፤ ቀኑ ስንት ሰዓት ላይ ነው ወደ እናንተ የሚመለሰው?

የመመለሻ መንገድ። አንዳንድ ሙያ ሁለት ዓመት ተለይተውት ሲመለሱ በሩን ይከፍታል፤ ሌላው ፈቃድ ያሳድስዎታል፣ ዕውቀትዎን አሮጌ ነው ይላል፣ ወይም ወንበርዎን ለሌላ ሰጥቶ ይጠብቅዎታል። ከመልቀቅዎ በፊት በሙያዎ ወጥቶ የተመለሰ ሰው ፈልገው ምን እንደገጠመው ይጠይቁ። የተመለሰ ሰው ካላገኙ ያም ራሱ መልስ ነው።

የክፍያው ቅርጽ። ኢኮኖሚስቱ ሸርዊን ሮዘን እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ታዋቂ ሰዎች ገቢ ሲጽፍ ያስረዳው ነገር ዛሬም ይሠራል፦ አንድ ሥራ በቀረጻና በስርጭት ለሚሊዮኖች መድረስ ሲችል፣ በችሎታ ትንሽ የሚበልጠው ሰው በገቢ እጅግ አብዝቶ ይበልጣል። በሙዚቃ፣ በስፖርት፣ በትወናና በድርሰት ገበያው እንዲህ ነው። ጥርስ ሐኪም ግን በአንድ ጊዜ ከአንድ አፍ በላይ ማከም ስለማይችል መካከለኛውም ጥርስ ሐኪም ይኖራል። ስለዚህ ሙያውን በስማቸው በሚያውቋቸው ሰዎች አይለኩት። ስሙን የማያውቁት፣ አሥር ዓመት የሠራ፣ መካከለኛ ባለሙያ ምን ያህል ያገኛል? የእርስዎን ወለል የሚያነጻጽሩት ከዚህ ጋር ነው።

ፍቅሩ ክፍያን ይችላል ወይ? እ.ኤ.አ. በ1973 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቹ ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናትን ለሦስት ከፍለው ለአንዱ ወገን ብቻ አስቀድመው «ከሣላችሁ ሽልማት አለ» አሉ። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሽልማት በሌለበት የጨዋታ ሰዓት፣ ሽልማት የተገባላቸው ልጆች ለሥዕል ያዋሉት ጊዜ ከሌሎቹ በግማሽ ያህል አነሰ። ከሕፃን ወደ አዋቂ በቀጥታ መዝለል አይገባም፤ ነገር ግን መሞከር ይቻላል። የሚወዱትን ነገር ለሦስት የማያውቋቸው ሰዎች፣ በእነርሱ ምርጫና በእነርሱ ቀነ ገደብ፣ በክፍያ ይሥሩላቸው። ከሦስተኛው በኋላ ለራስዎ መሥራት ካማረዎት ጥሩ ምልክት ነው።

ዕድሜን እንደ መመዘኛ ብዙ አልገፋበትም። ሰውነት የሚጠይቁ ሙያዎች፣ ለምሳሌ ውድድር ስፖርትና ባሌት፣ የሚዘጋ በር አላቸው። ሌላው አብዛኛው የለውም።

## ስለ ገንዘብና ደስታ አንድ ማረሚያ

«ገንዘብ ከተወሰነ መጠን በላይ ደስታ አይጨምርም» የሚለው አባባል ዳንኤል ካነማንና አንገስ ዲተን እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ መረጃ ላይ ተመርኩዘው ካወጡት ጥናት የመጣ ነው። ብዙ ሰው የማያነሣው፣ ራሱ ካነማን በ2023 ከማቲው ኪሊንግስዎርዝና ከባርባራ ሜለርስ ጋር ጉዳዩን እንደገና መርምሮ ድምዳሜውን ማስተካከሉን ነው፦ ለአብዛኛው ሰው ደስታ ከገቢ ጋር ማደጉን ይቀጥላል፤ የሚቆመው ከሁሉ ይበልጥ ደስታ በራቃቸው ሰዎች ዘንድ ነው። ይህ «ገንዘቡን ምረጡ» ማለት አይደለም። ነገር ግን ዝቅተኛ ገቢን በዚያ አሮጌ አባባል የሚያጽናኑ ሰዎች መደገፊያቸው እንደተነቃነቀ ይወቁት።

## አራቱ መንገዶች

አንደኛ፦ ሙሉ በሙሉ መግባት። ደመወዙን ትተው የሚወዱትን ብቻ ይሠራሉ። ትልቁ ጥቅም ሰዓት ነው፤ በቀን ስድስት ሰዓት የሚለማመድ ሰው በሳምንት ስድስት ሰዓት የሚለማመደውን ጥሎት ይሄዳል። ትልቁ ጉዳት ደግሞ የመደራደር አቅም ማጣት ነው። እዚህ ላይ የራሴን ስህተት ልናገር። የሦስት ወር ስንቅ ይዤ ከደመወዝ ወጣሁ። በሁለተኛው ወር ላይ፣ ከተውኩት ሥራ የባሰ አሰልቺ የሆነ ሥራ በግማሽ ዋጋ እየተቀበልኩ ነበር። ነፃ ለመሆን ወጥቼ እምቢ የማለት ነፃነቴን አጣሁ።

ሌላም አለ። ስቱዋርት ቡንደርሰንና ጄፈሪ ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ2009 የእንስሳት ማቆያ ሠራተኞችን አጥንተው ነበር። ሥራቸውን እንደ ጥሪ የሚያዩት ሠራተኞች ይበልጥ ትርጉም ያገኙበታል፣ ለዚያው ሥራ ሲሉ ደመወዝና ምቾት ለመተውም ይበልጥ ዝግጁ ናቸው። አሠሪ ይህን ያውቃል። በ2020 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሰዎች ሥራውን የሚወድ ሠራተኛ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ቢሠራ ወይም ከድርሻው ውጭ ቢታዘዝ ያን ያህል በደል አድርገው እንደማያዩት አሳይቷል። ስለዚህ በዋጋ ድርድር ላይ ስለ ፍቅርዎ አያውሩ፤ ስለ ሰዓትና ስለ ርክክብ ቀን ያውሩ።

ሁለተኛ፦ ደመወዙን ይዞ የሚወዱትን በትርፍ ሰዓት መሥራት። ይህን መንገድ እንደ ሽንፈት የሚያዩ ሰዎች አልበርት አንስታይንን ያስታውሱ። እ.ኤ.አ. ከ1902 እስከ 1909 በበርን የፈጠራ መብት ቢሮ ተቀጣሪ ነበር፤ ፊዚክስን የለወጡትን የ1905 ጽሑፎች ያወጣውም የዚያ ቢሮ ሠራተኛ ሆኖ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ አንቶኒ ትሮሎፕ ከ1834 እስከ 1867 በፖስታ አገልግሎት ሲሠራ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነሥቶ ሰዓቱን ፊቱ አስቀምጦ፣ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃላት ይጽፍ ነበር፤ በሕይወት ዘመኑም ከ40 በላይ ልብ ወለዶች ጻፈ። (እኔ በዚያ ሰዓት የገዛ ስሜን መጻፍም ያጠራጥረኛል።)

ወጥመዱ ድካም ነው፤ ያውም አንድ ዓይነት ድካም። ደመወዝ የሚከፍልዎ ሥራ የሚወዱት ነገር የሚጠይቀውን ያንኑ ጉልበት ከጨረሰው ማታ የሚተርፍ የለም። ቀኑን ሙሉ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ማታ ልብ ወለድ መጻፍ ይከብደዋል፤ ቀኑን ሙሉ ዕቃ የሚያነሣ ሰው ግን ሊጽፍ ይችላል፣ ጀርባው ከፈቀደለት። ለዚህ መንገድ የሚመረጠው ቋሚ ሥራ ከሚወዱት ነገር ራቅ ያለ፣ ሲወጡ በሩ የሚዘጋ፣ ማታ ስልክ የማያስደውል ነው።

ሦስተኛ፦ በደረጃ መሻገር። ከደመወዙ ሳይለቁ ይጀምራሉ፣ የሚወዱት ነገር ገቢ እያመጣ ሲሄድ የሥራ ሰዓትዎን ይቀንሳሉ፣ በመጨረሻ ይወጣሉ። ጆሴፍ ራፊና ጂ ፌንግ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት፣ ሥራቸውን ሳይለቁ የራሳቸውን ንግድ ጀምረው ኋላ የተሻገሩ ሰዎች፣ በአንድ ጊዜ ከወጡት ይልቅ ንግዳቸውን የመተው ዕድላቸው በሲሶ ያህል ያነሰ ሆኖ አግኝተውታል። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ፊሊፕ ግላስ በ1976 ኦፔራው በኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ከታየለት በኋላም ወደ ታክሲ መንዳቱ ተመልሷል፤ ከሙዚቃው ብቻ መኖር የቻለው በ41 ዓመቱ ነው። ጭብጨባና ገቢ አብረው አይደርሱም።

የዚህ መንገድ ሕመም መሻገሪያው ቀን በየዓመቱ መራዘሙ ነው። ሰውየው ሁለቱን እንደያዘ ሁለቱንም በግማሽ ልብ ይሠራና ከሁለት ያጣ ጎመን ይሆናል። ሌላው መታየት ያለበት የቅጥር ውል ነው፤ አንዳንዱ ጎን ለጎን መሥራትን ይከለክላል፣ አንዳንዱም በሥራ ሰዓት ወይም በቢሮ ኮምፒውተር የተሠራ ሁሉ የድርጅቱ ነው ይላል። ከመጀመርዎ በፊት ያንብቡት።

አራተኛ፦ ያሉበትን ሥራ እየቀረጹ መውደድ። ብዙ ሰው ይህን ከምርጫ አይቆጥረውም፤ እኔ ግን ከአራቱ እጅግ የተናቀው ይህ ነው እላለሁ። ኤሚ ሬዝኔስኪና ጄን ዳተን እ.ኤ.አ. በ2001 በጻፉት ውስጥ አንድ ዓይነት የሥራ ዝርዝር ያላቸው የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኞች ሥራቸውን በሁለት ፍጹም የተለያየ መንገድ ያዩት ነበር፤ ከፊሎቹ ወለል እናጸዳለን ሲሉ፣ ሌሎቹ ራሳቸውን የሕክምናው አካል አድርገው ሕመምተኛና ቤተሰብን ያስተናግዱ ነበር። በ2018 የፖል ኦኪፍ፣ የካሮል ድዌክና የግሬጎሪ ዋልተን ጥናት ደግሞ ዝንባሌ «የሚገኝ» ነገር ነው ብለው የሚያምኑ ሰዎች ነገሩ ሲከብድ ቶሎ እንደሚተዉት፣ «የሚያድግ» ነው ብለው የሚያምኑት ግን እንደሚቆዩበት አሳይቷል። በተግባር ሲታይ፦ ከሥራዎ ውስጥ ሰዓቱ ሳይታወቅዎ የሚያልፍበትን አንድ ተግባር ይለዩ፣ እርሱን እንዲያበዙልዎ አለቃዎን ይጠይቁ፣ ለስድስት ወር ይሞክሩት።

ይህ መንገድ ለሚያዋርድ አለቃ ወይም ጤናን ለሚጎዳ ቦታ አይሠራም። እዚያ መልሱ ሌላ ቋሚ ሥራ መፈለግ ነው፤ ብዙ ሰው ግን መጥፎ መሥሪያ ቤትን ከመጥፎ ሙያ ጋር ያምታታና ሙያውን ትቶ ይወጣል።

## በአንድ ሰንጠረዥ

የስንቁና የሰዓቱ መጠን የእኔ ግምት ነው፤ በራስዎ ቁጥር ይተኩት።

| መመዘኛ | ሙሉ በሙሉ መግባት | በትርፍ ሰዓት | በደረጃ መሻገር | ያሉበትን መቅረጽ |
|---|---|---|---|---|
| የሚያስፈልግ ስንቅ | የ12 ወር ወለል | የ3 ወር | የ6 ወር | የ3 ወር |
| ለሚወዱት የሚተርፍ ሰዓት በሳምንት | ከ30 በላይ፣ ብዙው ሽያጭና ክትትል | ከ6 እስከ 10 | ከ10 እስከ 20 | ከሥራው ሰዓት ውስጥ |
| የመመለሻ መንገድ | እንደ ሙያው | ክፍት | ክፍት፣ ሰዓት እስኪቀነስ | ክፍት |
| የገቢ መዋዠቅ | ከፍተኛ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ዝቅተኛ |
| ዋናው አደጋ | የመጣውን ሁሉ መቀበል | ድካም | ማለቂያ የሌለው ዝግጅት | መጥፎ ቦታን መታገሥ |

## ለየትኛው ሰው የትኛው?

የሚያስተዳድሩት ሰው ከሌለ፣ ወለልዎ ዝቅ ያለ ከሆነና ሙያዎ ከተመለሱ የሚቀበልዎ ከሆነ፣ ሙሉ በሙሉ ለመግባት ከዚህ የተሻለ ጊዜ ላይመጣ ይችላል። የሚዘጋ በር ያለው ሙያ ከሆነ ደግሞ አይጠብቁ።

ከፍተኛ ወለድ ያለበት ዕዳ ካለብዎ ለጊዜው ምርጫው አንድ ነው፦ ደመወዙን ይያዙ፣ ዕዳውን ይክፈሉ። ወለድ የሚበላው ገንዘብ ስንቅ ሊሆን የሚችለው ነው።

ልጆች ወይም በዕድሜ የገፉ ወላጆች በእርስዎ ደመወዝ የሚኖሩ ከሆነ በደረጃ መሻገር ይስማማዎታል፤ የመውጫውንም ቀን ለብቻ አይወስኑ። ወለሉን በወረቀት ጽፈው ለትዳር ጓደኛዎ ያሳዩ። ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ቤት ወለል ለየብቻ ሲጽፉ ቁጥራቸው ሲገጥም እስካሁን አላየሁም።

የሚወዱት ነገር ስንቱን ሰዓት ቢሰጡት እንኳ ገበያ የሌለው ከሆነ፣ ወይም በክፍያ መሥራቱ ከሦስተኛው ደንበኛ በኋላ ካስጠላዎት፣ በትርፍ ሰዓት ያቆዩት። እዚያ ማንም ቀነ ገደብ አይሰጥዎትም። ምን እንደሚወዱ ገና ካላወቁ ደግሞ አራተኛው መንገድ ይቀድማል፤ ያልታወቀ ነገር ለመከተል ደመወዝ መልቀቅ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

የትኛውንም ቢመርጡ፣ ከደመወዝ የሚያርቅዎ ከሆነ፣ የማቆሚያ መስመር ከመነሣትዎ በፊት ይጻፉ፦ «እስከዚህ ወር ድረስ ከዚህ ሥራ የማገኘው የወለሌን ግማሽ ካልደረሰ እመለሳለሁ።» ቀንና ቁጥር ያስገቡበት፤ በመሐል ላይ የሚጻፍ መስመር ሁልጊዜ አንድ ወር ወደፊት ይሸሻል። ወረቀቱንም እርስዎ ዘንድ አያስቀምጡት። የእኔን ሁለተኛ ሙከራ ወረቀት የያዘችው ታላቅ እህቴ ነበረች። ቀኑ ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው ደውላ ቁጥሩን ጠየቀችኝ፤ ስነግራት ጥቂት ዝም አለችና «አርባ ስምንት ከመቶ ነው፤ ሁለት ወር አለህ» ብላ ስልኩን ዘጋች።